በድልድዩ ላይ የደረደርኳቸው ጫማዎች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7። ከረፋዱ 5 ሰዓት።

መብራት የለም። ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ስድስት ሰው አግዳሚው ላይ ይጠብቃል። ጄኔሬተሩ አልነሳ ብሏል። አባ ፊጣ ከጎን ካለው የልብስ ስፌት ቤታቸው ብቅ ይላሉ። የሳቸው መኪና በእግር ስለሚሠራ መብራት ሄደ መጣ ግድ የላቸውም፤ ሊያሾፉብኝ ነው የመጡት። አባቴ ሞቶ ፎቶ ቤቱን ከያዝኩ ወዲህ በቀን ሁለቴ ሳያዩኝ አይውሉም።

ትራፊክ ፖሊስ ገባ። በሊሙ መንገድ አደጋ አለ። የመ/ቤቱ ካሜራ ተበላሽቷል፣ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ደንበኞቼን ነገ ኑ አልኩ። አባ ፊጣ ቁልፉን ተቀበሉኝ። እሄዳለሁ።

ማክሰኞ፣ ምሽት 1 ሰዓት።

እጄን ሦስቴ ታጥቤ ነው የተቀመጥኩት፣ ደብተሬ።

ሊሙ ገነት ሳይደረስ ያለ ድልድይ። ቡና ለቃሚዎች የጫነ መኪና ስቶ ወንዝ ገብቷል። ጎማው ወደ ላይ። አሥራ አንድ ሬሳ። እያንዳንዱን ፊት ስላነሳሁ ቁጥሩን አልስትም። ፖሊሱ ኬሻውን ይገልጣል፣ አነሳለሁ፣ ይሸፍናል። አብዛኞቹ ሴቶች። ሁሉም ከወንድሜ ከሚኪ ያንሳሉ። የተረፉት ጥቂቶች ወደ እኛው ጅማ ሆስፒታል ተወስደዋል።

አንድ ያደረግኩት ነገር አለ። ፖሊሱ ስልክ ሲያወራ ሥራ ፈታሁ። ዝም ብሎ መቆም አቃተኝ። ጫማ በየቦታው ወድቋል፤ ሣሩ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ። ሸራ፣ ኮንጎ፣ ነጠላ ጫማ። ለቀምኩ። ጭቃውን በሣር ጠረግኩ። ጥንድ ጥንዱን ፈልጌ ድልድዩ ዳር በመስመር ደረደርኩ። ዘመድ ቢመጣ ይለያል ብዬ ይመስለኛል። ወይም እጄ የሚይዘው አጥቶ። በስልኬ አንድ ፎቶ አነሳሁ። ፖሊሱ አየና ላኪልኝ፣ ቤተሰብ እንፈልግበታለን አለ። ላክሁለት። የፊቶቹን ሜሞሪ ከካሜራዬ አውጥቶ ወሰደ።

እራት አልበላም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8።

የጠዋቱ ራዲዮ ሦስት ሰው ሞተ አለ። ድምፁን ጨመርኩ። ደገመው። ሦስት።

ወደ ማታ የሟቾቹ ቁጥር ሰባት ሆነ። ጠዋት ተሳስተን ነበር ያለ የለም።

በቀበሌ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ነበረን። የቡድን መሪያችን ስለ ሊሙው ነገር ወሬ አታሰራጩ አለች። የትኛው ወሬ እንደሆነ አልነገረችንም። እስክንበተን ድረስ ሁሉም ጎረቤቱን ወሬው ምንድነው እያለ ይጠይቅ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 10። ከምሳ በኋላ።

የጫማዎቹ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጥቷል። ስሜ የለበትም። በቀይ «ድራማ ነው» ተብሎ ተጽፎበታል።

አንዱ ወገን፦ አደጋ የሚባል ነገር የለም፣ የሰውን ቀልብ ለማስቀየር የተሠራ ነው። ሌላው፦ አደጋው አለ፣ የሞቱት ግን ለቃሚዎች ሳይሆኑ እስረኞች ናቸው። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ሁለቱንም ያጋራ ሰው አለ። ሰውየው አብሮኝ የሚኖረው ወንድሜ ነው።

ምሳ ላይ ተከራከርን። ሚኪ የፊዚክስ መምህር ነው፤ እንደ ክፍል ውስጥ ያስረዳል። መኪና ሲገለበጥ ዕቃ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መስመር አይሠራም። ሰው ያዘጋጀው ነው። ሬሳውን በዓይኔ አይቻለሁ አልኩት። ያየሽው እንድታዪ የተፈለገውን ነው፣ ሬሳ ከየትም ይመጣል አለኝ። ሽሮውን እየጠቀለለ።

ስለ ጫማዎቹ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ለምን? አፍሬ ይመስለኛል። የሞተ ሰው ዕቃ መነካካት። ደግሞም እልህ፤ ስንት ቀን በደረቴ የተሸከምኩትን እሱ በአንድ ጉርሻ ዋጠው።

ሰኞ፣ ኅዳር 13።

አባ ፊጣ ዛሬ ሊያሾፉ አልመጡም። ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ። ያን የጫማ ፎቶ አሳዪኝ አሉ፣ አጉልተሽ። ፖሊሱ ይዞኝ ሲሄድ ስላዩ እኔ ጋ እንዳለ ያውቃሉ።

ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን ሁለቴ ጠረጉ። ከግራ አራተኛው ላይ ቆሙ። ቡናማ ነጠላ ጫማ፣ ማሰሪያው ተበጥሶ በሰማያዊ ክር የተሰፋ። ስፌቱ የባለሙያ እጅ ነው። የማን እጅ እንደሆነ ሳላውቅ አልቀረሁም፣ ግን አልጠየቅኩም።

ነዒማ የምትባል የእህታቸው ልጅ ለቡና ለቀማ ወደ ሊሙ ወርዳለች። አይቻት አላውቅም፤ የምትኖረው ገጠር እናቷ ጋ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ስልኳ አይሠራም። ኔትወርክ ይሆናል አሉ። ፖሊስ ጣቢያ የፊቶች ፎቶ እንዳለ ነገርኳቸው። እንዳልሰማ ሆኑ።

ከዚያ፦ «ድራማ ነው ይላሉ፣ አይደል?»

«ይላሉ» አልኩ።

 ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። አልሐምዱሊላህ ብለው ወጡ። ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናቸውን ድምፅ ሰማሁ፣ ከወትሮው ፈጠን ያለ።

እኔ ነኝ ያደረግኩት። አንዲት ቃል ብቻ ተናግሬ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16።

ሆስፒታል ሄድኩ። ከተረፉት አንዷን፣ ጫልቱን፣ ለማየት። ብርቱካን ይዤ። እግሯ ተሰብሯል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አማርኛዋ ትንሽ፣ የእኔ ኦሮምኛ ትንሽ፤ ተግባባን።

ከእኔ በፊት ሰዎች መጥተው ነበር። ጠያቂ መስለዋት ደስ ብሏት ነበር። ስልካቸውን ደቅነው ፋሻውን ፍቺ አሏት። አንደኛው ስንት ተከፈለሽ ብሎ ጠየቃት። የጉልበት ሥራ ሒሳብ መስሏት የለቀማውን ክፍያ ነገረችው። ሳቁ። ለምን እንደሳቁ እኔን ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም።

መኪናው ላይ ከጎኗ ስለተቀመጠችው ልጅ አወራችኝ። አጎቷ ጅማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። መርፌና ክር ይዛ ነው የመጣችው፤ ማታ ማታ የሁሉንም ቀሚስ ትጠግን ነበር። መኪናው ሲዘነበል የጫልቱን ክንድ ይዛ ነበር። ከዚያ አልያዘችም።

ስሟ ማን ነበር አልኩ። ሳትነግረኝ አውቄዋለሁ።

«ነዒማ።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18።

ቤት ዋልኩ። ሚኪ ፈተና ያርማል። ደብተሬ፣ የምለውን አንድ በአንድ ልጻፍ፣ ጭንቅላቴ ተደበላልቋል።

ሰው ለምን እንዲህ ያምናል? ሞኝ ስለሆነ ብዬ ነበር። ሚኪ ሞኝ አይደለም። አባ ፊጣ ጭራሽ። እኔ ራሴ ባለፈው ክረምት አንድ ባለሥልጣን ችግኝ ሲተክሉ አንስቻለሁ። ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሯል። ሦስቴ ተከሉት፣ ፀሐዩ ፊታቸው ላይ አልመጣም ብዬ። ስንጨርስ ችግኙን ነቅለው መኪና ላይ መልሰው ጫኑት። ሰዉ ቆሞ ያያል። ገበሬዎቹ ሁለተኛ አጨብጭቡ ተብለዋል፣ የመጀመሪያው ጭብጨባ ስላመለጠኝ። ያን ቀን እዚያ የነበረ ሰው የእኔን ፎቶ ለምን ይመን?

ይህንን ለሚኪ ነገርኩት። እርሳሱን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ መጀመሪያ ሦስት አሉን፣ ቀጥሎ ሰባት፣ አንቺ አሥራ አንድ ትያለሽ። ሁለቴ ከዋሹኝ ሦስተኛውን በምን አባቴ ልመን።  

ያኔ ነገርኩት። ጫማዎቹን ያዘጋጀው መንግሥት አይደለም፣ እኔ ነኝ። ሣሩን፣ ጭቃውን፣ እጄ ሥራ መፍታት እንዳቃተው።

 ለማንም እንዳትናገሪ አለ። ለፌስቡኩ ሰዎች የጠበቁት ማረጋገጫ ነው፤ ተከፍሏት ነው ይሉሻል። ፎቶ ቤቱን ይዘጉብሻል። ፈርቶልኛል። የለጠፈውን ግን አላጠፋም። ለምን አልኩት። አያውቅም። ብዙ ሰው ወዶታል አለኝ፣ ልጅ እያለ ጥፋቱን ሲናገር እንደሚያደርገው ወለሉን እያየ።

እሁድ፣ ኅዳር 19። ከሰዓት በኋላ።

ነገርኳቸው።

ስፌት ቤታቸው ገባሁ። ሱሪ ያሳጥራሉ። ቁጭ በይ አሉ፣ አልተቀመጥኩም። ጫልቱ ያለችውን ነገርኳቸው፤ መርፌውን፣ ክሩን፣ ስሙን። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ልጅቷም ተዋናይ ትሆናለች አሉ። ፎቶው ራሱ ያጋልጣቸዋል፤ አደጋ ላይ ያለ ጫማ እንደ ሱቅ ዕቃ አይደረደርም።

«የደረደርኩት እኔ ነኝ፣ አባ ፊጣ።»

እግራቸው መርገጫው ላይ ቆመ።

«አንቺ?»

«እኔ። ከጭቃ ለቅሜ፣ ጠርጌ።»

«ለምን ነካሽው?»

«ዝም ብዬ መቆም አቃተኝ።»

 ከዚያ የፈራሁትን አሉ፦ «ስንት ሰጡሽ?»

በደግ ቀን ልጄ ይሉኛል፤ ሲጨንቃቸው ደግሞ ያንኑ በኦሮምኛ፣ ኢንተላ ኮ። ዛሬ ሁለቱንም አላሉኝም። በሩን አሳዩኝ። ወጣሁ። የስፌት መኪናው ድምፅ ከኋላዬ አልተሰማም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 22።

ሦስተኛ ቀን ነው፣ አባ ፊጣ አያዩኝም። ሱቃቸውን ሲከፍቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። በአባቴ ለቅሶ አርባ ቀን ሙሉ ደጃችን ላይ የተቀመጡ ሰው ናቸው።

ሰኞ ቀን ላይ አንድ ወረቀት ጻፍኩ። በትልልቁ አትሜ የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ለጠፍኩት። ጫማዎቹን ያነሳሁትም የደረደርኩትም እኔ ዘነበች ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም፣ አሥራ አንድ ሬሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ይኸው ነው። ሰው ቆሞ ያነባል። አንዳንዱ ገብቶ ይጠይቃል፤ ያየሁትን እነግረዋለሁ። አንዲት ሴት አለቀሰች። አንድ ጎልማሳ ስንት ተከፈለሽ አለ። በወረቀቱ ምክንያት ሁለት የሠርግ ቀጠሮ ተሰርዟል።

የቡድን መሪያችን መጥታ ቁጥሩን አንሺው አለች። ሰባት ነው የተባለው አለች። አላነሳሁም። እንደገና እመጣለሁ ብላ ሄደች።

በመንግሥቱም በፌስቡኩም በኩል ወዳጅ የለኝም ማለት ነው። ይገርማል፣ እንቅልፌ ግን ተመለሰ።

ዓርብ፣ ኅዳር 24። ከጁምዓ በኋላ።

አባ ፊጣ መጡ። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል። ከመስጊድ ሳይሆን ከፖሊስ ጣቢያ ነው የመጡት፤ ሶላቱን ሰግደው ቀጥታ ወደዚያ ሄደው ነበር። ብቻቸውን።

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ጉርድ ፎቶ እንደሚጠብቅ ሰው። ውሃ ሰጠኋቸው። ጨረሱት። ፖሊሱ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሲያሳያቸው ስድስተኛው ላይ በቃ እንዳሉት ነገሩኝ። ፀጉሯ ላይ ቅጠል ነበር አሉ። ለእናቷ ደውለዋል።

ኢንና ሊላሂ አሉ። 

ከዚያ ድምፃቸው ሳይሰበር፦ «ኢንተላ ኮ፣ እኔ አውቄዋለሁ። ያን ቀን ክሩን ሳየው ነው ያወቅኩት። የኔ ክር ነው። ግን ሰዎቹ ውሸት ነው ሲሉ፣ እነሱ ባወቁ አልኩ። አሥራ አንድ ቀን በሕይወት አቆዩልኝ።»

 ይቅር በሉኝ አልኩ። ለየትኛው አሉ። እውነትም አላውቅም፤ ለሰኞው ዝምታዬ ይሁን ለእሁዱ ንግግሬ።

ፖሊሱ እንደነገራቸው፣ ሟቾቹን ዘመድ ስላልደረሰላቸው የሊሙ ገነት ሰው ነው የቀበራቸው። ማን ሙስሊም ማን ክርስቲያን እንደሆነ ስላልታወቀ ሼኩንም ቄሱንም ጠርቶ፣ በአንድ ሜዳ ጎን ለጎን። እዚያ ድረስ አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። ነገ ጠዋት።

ዓርብ፣ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል።

ለሚኪ ነገርኩት። አብሬ ልሂድ አለ። ሊያጽናና መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ መቃብሩን በዓይኔ ማየት አለብኝ አለ። ተናደድኩ። የሰው ኀዘን የፈተና ወረቀት ነው ወይ አልኩት፣ ሌላም ያልኩት አለ፣ እዚህ አልጽፈውም። በሩን ዘግቶ ገባ።

አባ ፊጣ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። አፍሬ፣ ወንድሜ እንዲህ ይላል፣ አልወስደውም አልኳቸው። የነዒማን እናት የሚያሳፍሩበትን መኪና እየተነጋገሩ ነበር። ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ፦ «ይምጣ። ማየት የፈለገ ሁሉ ይምጣ።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 25። ከጠዋቱ 12 ሰዓት።

ዝናብ የለም። ሚኪ ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል፣ ስልኩን አልያዘም። የለጠፈውን ማታ አጥፍቶት እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም።

ወስኛለሁ። ካሜራ አልወስድም። መንገድ ላይም ቁጥር አልጠራለትም፤ ሦስትም፣ ሰባትም፣ አሥራ አንድም አልልም። ሜዳው ላይ ስንደርስ እኔ ከአባ ፊጣና ከነዒማ እናት ጋር እቀመጣለሁ። ሚኪ ብቻውን ይዞራል። ራሱ ይቆጥራል።