ሦስት ምስክር ለአንድ ጥንድ ዓይን

ሰኞ፣ ጥር 13

ፈረንጅ እኛን ሲያይ ቀድሞ የሚያየው ምናችንን ነው? እኔ ቆዳችንን ይመስለኝ ነበር። ለካ ፀጉርና ዓይንም ይመዘግባል።

ዛሬ የፋብሪካችን የአስተዳደር ኃላፊ ጓድ መኮንን ጠርቶኝ የምሥራቅ ጀርመኑን የቀለም ሥልጠና ፎርም መለሰልኝ። "አንቺ ልጅ፣ የጠየቁን አንድ ሰው ነው። ሁለት ልንልክ ነው እንዴ?" አለኝ። ባየው፣ የዓይን ቀለም በሚለው ላይ እኔ "ጥቁር" ብያለሁ፤ የመረመረኝ ፈረንጅ ሐኪም ደግሞ "ቡናማ" ብሏል። የቀበሌ ማስረጃዬም "ጥቁር" ነው የሚለው። ሐኪሙ ለእረፍት አገሩ ስለገባ መስተካከል ያለበት የቀበሌው ነው። እስከ አርብ ካልደረሰና ቅዳሜ ባቡር ላይ ካልተጫነ ዕድሉ ለሌላ ፋብሪካ ያልፋል።

በኬሚስትሪ ተመርቄ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ቀለም ስቀምም ኖሬ፣ የራሴን ዓይን አላውቀውም።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ጀርመን የሚል ቃል ሲነሳ የስፌት መኪናዋን ታስጮኸዋለች። እስከዛሬ ሂጂም አትሂጂም አላለችኝ።

ሌላ ነገር፦ በደብተሬ ገጾች መሃል ሰማያዊ ክር አገኘሁ። ከልብሴ ይሆናል።

ማክሰኞ

ለሄልጋ ነገርኳት። ሄልጋ ማቅለሚያ ክፍል አብራኝ የምትሠራ ጀርመናዊት ናት። ሳቀች፣ መስኮቱ ጋ ወሰደችኝ፣ የቡናማዎቹን ናሙና ካርድ ከጉንጬ አጠገብ ያዘች። አሥራ አንድ ዓይነት ቡናማ አለን። "ሰባተኛው" አለች።

ለምን ትጽፉታላችሁ አልኳት። እነሱ ዘንድ እህትማማች እንኳ በፀጉርና በዓይን ቀለም ይለያያሉ አለችኝ፤ እኛ ቀይ፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ እንደምንለው። ሰማያዊ ዓይንና ወርቃማ ፀጉር ያላት ልጅ ቆንጆ ትባላለች። ፀጉሯ የጠቆረ ቁጡ ትባላለች፣ ቡናማ ዓይን ያላት ደግሞ ታማኝ። "እንግዳ ሲመጣ እህቴን 'እንዴት ታምራለች' ይሏታል። እኔን ደግሞ 'ይቺም ጎበዝ ትመስላለች'" አለችኝ።

ያኔ ቀና ብዬ አየኋት። የሄልጋ ዓይን ቡናማ ነው። ፀጉሯም። አሥራ አንድ ወር ጎን ለጎን ሠርተናል፤ እኔ ግን ለሰፈሩ ሁሉ "ዓይኗ እንደ ሰማይ ነው" ብዬ አውርቻለሁ። ፈረንጅ አይደለች እንዴ፣ ሌላ ምን ይሆናል? አፍሬ ነገርኳት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ከዚራ ሰፈር ስሄድ ልጆቹ 'ሰማያዊ ዓይን' እያሉ የሚከተሉኝ በአንቺ ነዋ! እኔ እኮ እዚህ ስመጣ፣ በመጨረሻ ከሰው እመሳሰላለሁ ብዬ ነበር።"

ረቡዕ

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አነበበው። "ድመት ነሽ? እኔ ቡናማ ዓይን ያለው ኢትዮጵያዊ አላየሁም።" ከዚያ የታወቀውን ትእዛዝ ሰጠኝ፦ ከአምስት ዓመት በላይ የሚያውቁኝ ሦስት ምስክሮች፣ ነገ ከሰዓት። ለልደትም፣ ለሞትም፣ ለጠፋ መታወቂያም ሦስት ምስክር ነው። ለዓይን ይቀራል?

ያገኘኋቸው፦

ጋሽ ዘውዴ፣ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ። ፀሐይ ላይ አቆሙኝ። "ሠላሳ ዓመት ቀይና አረንጓዴ ፋኖስ የለየሁ ሰው ነኝ። ቡናማ ነው፤ በዚህ አልሳሳትም።"

ሀዋ፣ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥልን። "ወላሂ አባዮ፣ እህቴ፣ ዓይንሽን መቼ አይቼው አውቃለሁ? ስትመጪ ጨርቄ ላይ ተተክሎ ነው የሚውለው" አለች። ከዳሱ አውጥታ ቡኒ ጨርቅ ፊቴ ላይ ለካች። "እሺ፣ ይኸው ነው። እመሰክራለሁ።"

ሦስተኛ የለኝም። ሄልጋ የውጭ ዜጋ ናት፣ አትሆንም። አስተማሪዬ ሐረር ተዛውረዋል።

ቤት ስገባ እማዬ "ነይ እስቲ ክሩን አስገቢልኝ" አለች። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ጠዋት ማታ መርፌ ላይ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ። ሳስገባ ቀዳዳውን ሁለት ጊዜ ሳትኩት። አየችኝና መርፌውን ተቀብላ መስፋቷን ቀጠለች።

ሐሙስ

ጋሽ ዘውዴና ሀዋ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፣ እኔ በሩን አያለሁ። ሊቀመንበሩ "ሦስተኛሽስ?" አለ። እንደገና ወደ በሩ አየሁ።

እማዬ ገባች። ማን ነገራት?

"እትዬ አስካለ፣ እናት አትመሰክርም" አላት ሊቀመንበሩ።

"ልጄ፣ ይኸን ዓይን ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ቡናማ ነው። የአባቷ ነው።"

"ታዲያ ጥቁር ተብሎ ሲጻፍ የት ነበሩ?"

"እዚሁ ነበርኩ። ጸሐፊህ መች ቀና ብሎ አያት? ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር እያለ ነው መንደሩን የሞላው። የራስህንስ አይተኸዋል?"

ሊቀመንበሩ መታወቂያውን አወጣ። ጥቁር። "ጋሽ ዘውዴ፣ የኔስ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እንግዲህ ጓድ፣ ወደ ፀሐይ ውጣ።"

ወጣ። ጋሽ ዘውዴ አገጩን ይዘው አዩት። ሀዋም ተጨመረች፣ "ቡኒ! ከሷ ይልቅ የሱ ይፈካል" አለች። ሊቀመንበሩ ሲመለስ ማንንም አላየም። ማኅተሙን እፍ ብሎ መታልኝ።

አርብ

ጓድ መኮንን ፖስታውን አሸገ። ነገ ይጫናል። መልሱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ሊቀርም ይችላል። ሄልጋ "እዚያ አንዳንዱ እንደ ጌጥ ያይሻል፣ አንዳንዱ እንደ እንግዳ ዕቃ። አንቺም መልሰሽ እያቸው፤ ቀለማቸውን ቁጠሪ" አለችኝ።

ቤት ገብቼ አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቼ መጋረጃው ላይ ደረደርኳቸው። ከዚያ ደብተሩን ስከፍት ሰማያዊው ክር ከሰኞ ወደ ረቡዕ ገጽ ተዛውሯል፤ "ሦስተኛ የለኝም" የሚለው ላይ።

እማዬ፣ መሠረተ ትምህርት ገብተሽ ፊደል ስትቆጥሪ ያስጠናሁሽ እኔ ነኝ፤ ደብተሬን ታነቢያለሽ ብዬ ግን መች አሰብኩ። አልተቆጣሁም። ትናንት ለዓይኔ መሰከርሽልኝ፤ ስለ መሄዴ ግን እስካሁን አንድ ቃል አላወጣሽም። በአፍሽ ከከበደሽ ከዚህ በታች ቦታ ትቼልሻለሁ፤ እርሳሱም ደብተሩ ውስጥ ነው። ልሂድ?