አንቴናው ዛሬ ስንት ይላል?

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። ጠዋት።

ስሚ ማስታወሻዬ፣ ይቺን ለማንም እንዳታወሪብኝ። ዛሬ በእልልታ ሰፈር ቀሰቀስኩ። በከንቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መለኪያዋን ይዤ መስኮቱ ሥር ቆሜያለሁ። መለኪያዋ የአባዬን የሬዲዮ አንቴና የምትመረምር፣ ከእጅ ስልክ ትንሽ የምትወፍር ዕቃ ናት። ቁልፏን ተጫንኩ። 1.0 አለች። አንድ ነጥብ ዜሮ ማለት የላክነው ሁሉ ወደ ሰማይ ሄደ፣ ወደ ቤት የተመለሰ የለም ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ቁጥር የለም። አራት ገደማ ስትል ነው የከረመችው። አላስቻለኝም፤ አቀለጥኩት።

ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ መቋሚያቸውን ይዘው እየተጣደፉ ደረሱ። ማን ወለደ? አሉ። እዚህ ቤት ያለነው ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌና አግብታ የፈታች የሃምሳ ዓመት ሴት። ማን ይወልዳል?

አባዬ ከወንበራቸው ሳይነሱ እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው። አናቷን በአውራ ጣት ዳሰሱ።

"ገንዬ፣ ኬብሉን መቼ ሰካሽው?"

ለካስ አናቷ ላይ ያለችው መሞከሪያዋ ናት። የጣት ጫፍ የምታህል ብረት፤ እንደ ጥሩ አንቴና ሆና እንድትታይ የተሠራች፤ መለኪያዋ ራሷ ጤነኛ መሆኗን ማረጋገጫ። እሷን ሰክተሽ ጉድጓድ ውስጥ ብትገቢም አንድ ነጥብ ዜሮ ትልልሻለች፣ አሉኝ። እማሆይ ነገሩ ባይገባቸውም ሳቁብኝ።

ኬብሉን ሰካሁ። 3.8። ከሦስት ካለፈ ሬዲዮው ራሱ ይፈራል፣ ጉልበቱን ይቀንሳል።

መጽሔት ላይ ምክር እየጻፍኩ የስንቱን ሰው ትዳር ስጠግን የኖርኩ ሴትዮ፣ አንድ ሽቦ አቃተኝ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ። ከሰዓት።

ቁጥሯ ትቀልዳለች። ጠዋት 3.9። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ 1.9። ያው ሽቦ፣ ያው ኬብል፣ ያቺው እኔ።

አባዬ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ነው አሉ። ጤዛ የሆነ ቦታ ይገባል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል። የት እንደሚገባ ፈልጊ። እሺ። መሰላል ተውሼ ወጣሁ። ሽቦው ከጣሪያችን ጫፍ ተነሥቶ መሐል ላይ ምሰሶ ያገኛል፣ ከዚያ እስከ ባሕር ዛፉ ይወርዳል። መሐሉን አየሁ። ደረቅ። ጫፎቹን አየሁ። ደረቅ። የመለኪያዋን ባትሪ ሞላሁ፤ ባትሪ ሲደክማት ትዋሻለች ብለውኛል። ለውጥ የለም።

መሰላሉ ላይ ሆኜ ከታች የሚወራውን ሁሉ ሰማሁ። ሰፈሩ ተስማምቷል፤ ኔትወርኩን የሚበላው የእኛ ሽቦ ነው። ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቷል፣ ሽቦው ደግሞ ከዚያ በፊት ዓመታት ነበረ፤ ብላቸው ማን ይሰማኛል። አንዷማ ትንሽ እንኳ ለእኛ ብትተዉልን ምናለ አለችኝ። ከልቧ።

የሚያስቸኩለኝን ታውቂዋለሽ። ጋሽ ታደለ። (ከዚህ በኋላ ጋ/ታ እለዋለሁ፤ እጄ ዝሏል።) እሱ ጎባ፣ አባዬ ላሊበላ። ሁለቱም የቴሌ ጡረተኞች፣ ሁለቱም ፈቃድ ያላቸው የሬዲዮ ሰዎች። ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ መልስ በአርባ ሜትሩ ሞገድ ይገናኛሉ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ሞተ ስለ ተወለደ። አባዬ ዓይናቸው ጨርሶ ከጠፋ ወዲህ ሳምንቱ ለእሳቸው አንድ ቀን ነው፤ እሑድ። ከመስቀል በኋላ ግን የጋ/ታ ድምፅ ጠፋ። አባዬ እሱ ይጠራል ይላሉ። እሱ ይጠራል፣ የታመመው የእኛ ጆሮ ነው።

ስለዚህ አንቴናው መዳን አለበት። ይኸው ነው።

ኅዳር 7፣ እሑድ። ረፋድ።

ከቅዳሴ መልስ። አባዬ ኮታቸውን ለበሱ። ማን ሊያያቸው? አልጠየቅኩም።

ስንት ይላል አሉ። 4.1 አልኩ። እንሞክር አሉ። የሬዲዮ መጥሪያ ስማቸውን ጠሩ። ሬዲዮው እንደ ታፈነ ሰው ድምፁ ከጉሮሮ አይወጣም። ጠሩ። ጠበቁ። ጠሩ። ሩቅ የሆነ ሹክሹክታ ያለ መሰለኝ፤ አባዬም አንገታቸውን አዘነበሉ። ምንም።

ሰማኸኝ ታደለ፣ እኔ ነኝ የተበላሸሁት፣ አንተ አይደለህም አሉ ለማይሰማቸው ሰው። ማይኩን አስቀመጡ። ቁርስ አልበላም ብለው ተኙ።

አልቅሼ ነበር። አሁን ለቅሶው ተወኝ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ። ገና በማለዳ።

ያዝኳቸው።

ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። እማሆይ ወ/ጊዮርጊስ በእኛ መስኮት ሥር። በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በሌላው ጸበል የሞላ ሃይላንድ። የውጪው ኬብል ከውስጡ የሚገናኝባት ትንሽ ሣጥን አለች መስኮቱ ደፍ ላይ። ክዳኗን ከፈት አድርገው፣ እያዜሙ፣ ያፈሱበታል። ሳይሰስቱ።

ምን እያደረጉ ነው እማሆይ? አልኩ።

"አንቺ ደግሞ፣ ምን ያስደነግጥሻል። የአባትሽ ድምፅ የሚወጣው በዚች አይደለም? ራሳቸው ናቸው ያሳዩኝ። ዓይናቸው ሲጠፋ ድምፃቸውም እንዳይከተል መንገዱ ይባረክ ብዬ ነው።"

ከመቼ ጀምሮ?

"ከመስቀል ማግስት። አንድ ቀን አላቋረጥኩም፣ ልጄ።"

ጠዋት ጸበል፣ ጠዋት 4። ከሰዓት ፀሐይ፣ ከሰዓት 1.9። ውርጭ ስንል የከረምነው።

ገብቼ ለአባዬ ነገርኳቸው። እቆጣለሁ ስል እሳቸው ሳቁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ከዚያ እንዳትከለክያት አሉኝ። እንዴት ሆኖ? "ከሽቦው ይልቅ እኔ ላይ ታፍስልኝ በያት። ለእኔ ነው የሚያስፈልገው።" እማሆይ ደስ አላቸው። የቤት ውስጥ ሥራ ተሰጣቸው፣ ማዕረግ ከፍ አለ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ።

ሣጥኗን ፈታን። ማገናኛው አረንጓዴ ሆኗል፣ ዝገቱ ከኬብሉ ልባስ ሥር ገብቶ ሽቅብ ሄዷል። ክንድ ተኩል የሚያህል ቆረጥን። አባዬ በጣት፣ እኔ በዓይን። መዳቡን ላጭ፣ አዙሪ፣ አጥብቂ፣ አይ እንዲያ አይደለም፣ ቀስ። ሁለት ጊዜ አበላሸሁ። አንቺ ልጅ ሽንኩርት ነው የምትልጪው አሉኝ። ሦስተኛው ያዘ። በጎማ ጠቀለልነው።

ማታ ለካሁ። 1.2።

እልል አላልኩም። ነገ ጠዋት እንይ አልኩ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ። ጠዋት።

1.2። ውርጩ ቆርቆሮው ላይ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል፣ 1.2።

አባዬ ቀኑን ሙሉ እሑድን ሲያስቡ ዋሉ። ለጋ/ታ የሚነግሩትን እየደረደሩ። የጸበሉን ነገር ሲሰማ ከወንበር ይወድቃል ይላሉ። እማሆይም ያንን ሰውዬ ሰላም በሉልኝ ብለዋል፤ አብረን ነው ያዳንነው ዓይነት።

እኔ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደስታው እኔ ጋ አልደረሰም።

ኅዳር 14፣ እሑድ። ከቀትር በኋላ።

ከየት ልጀምርልሽ።

ሬዲዮው ነፍስ ዘርቷል። ገና ሲከፈት ድምፅ በድምፅ ላይ። አባዬ ጠሩ። ወዲያው አንድ ሰው መለሰ፤ ከኬንያ። እንግሊዝኛው ይጣፍጣል። በጣም ጥርት ብለው ይሰማሉ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ ጠፍተው ነበር አለ። አባዬ ቶሎ ተሰናበቱት። ቦታውን ለጋ/ታ ለመልቀቅ።

ታደለ፣ ላሊበላ ነኝ። ታደለ፣ ላሊበላ።

ኬንያ ሰማ። የመን አካባቢ ያለ ሰው ሰማ። ጎባ ዝም።

ስንት ይላል ገንዬ? 1.2 አባዬ። እንደገና ለኪ። 1.2። መሞከሪያዋን ሰክተሽ እንዳይሆን? አይደለም አባዬ፣ ኬብሉ ነው። ዳሰሱት። ኬብሉ ነው።

ማስታወሻዬ፣ ያን ቁጥር ጠላሁት። አራት ሲል ጋ/ታ በሕይወት ነበረ። ይጠራል፣ እኛ አንሰማም፤ በቃ። ሽቦ ነበር ጥፋተኛው። አሁን ሽቦው ንጹሕ ነው። ማንን እንውቀስ?

አባዬ ማይኩን አስቀመጡ። ከዚያ፣ ሳልጠይቃቸው፣ የጋ/ታን ልጅ ስልክ ቁጥር በቃላቸው ነገሩኝ። ቀስ ብለው፣ እንዳልስት። ከዚህ በፊት በሬዲዮ የተገናኘ ሰው በሬዲዮ ይፈለጋል ብለው እምቢ ያሉኝን። ጋሸና ላይ ስልክ ይሠራል ይባላል አሉ። ለራስሽ ጉዳይ ከሄድሽ።

ጋሸና ምንም ጉዳይ የለኝም። እሳቸውም ያውቃሉ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ። ጋሸና፣ ምሳ ሰዓት ግድም።

ከወ/ሮ ዘይነባ ሻይ ቤት ነው የምጽፈው። የጭነት መኪና ሾፌሮች በየጠረጴዛው። ስልኩ ሠራ። ባይሠራ ደግ ነበር።

ልጅቷ አነሣች። የላሊበላዋ ነኝ አልኩ። ከዚያ፣ አባባ በጥቅምት መጨረሻ አረፈ አለችኝ። ልቡ ነው። እናንተን በምን እንንገር፣ ሬዲዮውን የምንነካ የለንም፣ ስልካችሁ ይዘጋል አለች።

መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም። በመጨረሻዎቹ እሑዶች ይጣራ ነበር ወይ? አልኳት።

በየሳምንቱ። ካልጋው ተደግፎ እየተነሣ። ሲያጣችሁ የላሊበላው አንቴና ተበላሽቶበት ነው፣ እሱ ደህና ነው ይል ነበር አለችኝ።

ስለዚህ ጠርቷል። ሁሉንም እሑድ። እኛ ጋ ሣጥኗ ውስጥ ጸበል ተኝቶ ነበር።

ይህን ለእማሆይ አልነግርም። ለአባዬም አልነግርም። ላንቺ ብቻ፤ አንቺም ዋጪው።

ዘይነባ ሻዩን መልሳ ሞላችልኝ። ምን እንደደረሰብኝ ነገርኳት፤ የማላውቃት ሴት። አብሽሪ እህቴ አለች። አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ እንደ ታላቅ እህት፦ "ብቻ ዛሬ ማታ እንዳትነግሪያቸው። መርዶ በምሽት አይነገርም። ሌሊቱን ምን ይዘው ያድራሉ? ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሰብስበሽ።"

እንደዚያ ነው። እኛም እንደዚያ ነን። አዲስ አበባ ኖሬ ረስቼው።

ያው ቀን። ቤት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ።

ደረስኩ። በሩ ላይ ሆኜ የምሰማው ሬዲዮውን ነው፤ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል፣ ድምፅ በድምፅ ላይ። አባዬ ፊቱ ተቀምጠዋል። ማይኩ በእጃቸው።

ደረስሽ? አሉ። ደረስኩ። መንገዱ እንዴት ነበር? አቧራ ነው። ጋሸና ብርድ አለ? አለ።

ማን አነሣ አላሉኝም። ምን አለችሽ አላሉኝም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለስ አድርገው፣

"አንቴናው ዛሬ ስንት ይላል?"

መለኪያዋን አነሣሁ። ኬብሉን ሰካሁ። ተጫንኩ። 1.2። እንደዛሬ ደምቆ ታይቶኝ አያውቅም።

"ሦስት ነጥብ ስድስት" አልኩ።

ሬዲዮው አላገዘኝም። ያ ሁሉ ድምፅ። አንድ ሰው ሲስቅ እንኳ ይሰማል። ሦስት ነጥብ ስድስት የሆነ አንቴና እንዲህ እንደማይዘምር ከእኔ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

አባዬ ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። "ሦስት ነጥብ ስድስት" አሉ፣ እንደ መቅመስ። "እንግዲያ ዛሬ አይወጣም። ተይው።" እጃቸው ማጥፊያውን በዳበሳ አገኘው። ቤቱ ጸጥ አለ።

ራት ጠየቁ። ሽሮ አቀረብኩ። በሉ፣ ትንሽ።

እማሆይ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ነገርኳቸው፤ የሚነገረውን ብቻ። ከኪዳን መልስ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ይዘው ይመጣሉ። እሳቸው ይጀምሩልኛል፣ እኔ ከኋላ እቆማለሁ። ወስኛለሁ። ነገ ጎህ ሲቀድ።

ገና ብዕር ሳነሣ አባዬ ከውስጥ ጠሩኝ። ጠዋት ሰው ከመጣ ወንበር ይበቃን እንደሆነ ጠየቁ። ሰው ይመጣል ብዬ አልነገርኳቸውም።

አይበቃም አልኩ። ተዋሺ አሉኝ።

ልዋስ ወጣሁ። ነገ ምን እንዳሉ፣ ፊታቸው እንዴት እንደሆነ፣ አንድም ሳላስቀር እጽፍልሻለሁ። ግን ተራሽን ጠብቂ፤ መጀመሪያ እሳቸው ይስሙ።