ከዓመቱ ቀጥሎ ያለው ባዶ ቦታ

ብርቅዬ፣

ትናንት ያላናገርኩሽ አኩርፌብሽ አይደለም። አሁንም ልቀስቅስሽ ብዬ ማንኮራፋትሽን ስሰማ ተውኩት፤ የጽሕፈት መኪናሽ እንኳ ያንቺን ያህል አይጮህም።

ጎመኑን ሳህን ደፍቼበታለሁ፣ ብዪ።

ቀበሌ የልጄን የኩማን የመመዝገቢያ ፎርም በመኪናሽ ስትሞዪ፣ የክሊኒክ ካርዱን የጻፈችው ፈረንጅ ስለሆነች ዓመቱም የፈረንጅ መስሎሽ ስምንት ቀነስሽ። እሷ ግን 1962 ያለችው በኛው አቆጣጠር ነበር። በ54 ተወለደ ተባለና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ለውትድርና ተጠራ። ትናንት ወሰዱት።

ክፉ እንዳላሰብሽ አውቃለሁ። እኔም አጠገብሽ ቆሜ "እጇ እንዴት ይፈጥናል!" እያልኩ ሳደንቅሽ ነበር።

የፎርሙን ማባዣ ስቴንስል እንደገና ስትመቺ ከዓመቱ ቀጥሎ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ተዪ፤ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍበት። የሌላዋ እናት ልጅ እንኳ ይትረፍ።

እኔ ካርዱን ይዤ ከፒያሳ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ማሰልጠኛው ሄጃለሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር እንደሆነ አይሰማም። ትናንት "ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጁ ገና ጢም እንኳ አላበቀለም" ብዬ ብለምነው፣ ከፎርሙ ላይ ቀና ሳይል፣

"ጓድ ገበያነሽ፣ እዚያ ያበቅላል" አለኝ።