ሠላሳ አንድ መጽሐፍ በአንድ ሳፋ

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

አረጋሽ ሠላሳ አንድ መጽሐፎቼን በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ለወጠች።

ሌላ አጻጻፍ የለውም። ጠዋት ከጎረቤቴ ከጉደታ ጋር ፀጉራችንን ተስተካከልን። ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። የጓዳው የታችኛው መደርደሪያ ባዶ ነው። በረንዳው ላይ አረንጓዴ ሳፋ ተደፍቷል።

"ይሄ ምንድነው?"

"ሳፋ።"

"መጽሐፎቹስ?"

"እሱ ነዋ።"

ልዋጭ እያለ የሚዞረው ሰውዬ በበሩ ሲያልፍ ጠራችው። አርባ ሦስት ዓመት በትዳር ኖረናል... ሌባ እንኳ ቢሆን መጽሐፍ ወስዶ በቦታው ሳፋ ትቶ አይሄድም። ሌባ እንዲህ ያላግጥብኝ ነበር እንዴ?

"የወጥ መጽሐፍ ብቻ ሁለት መቶ አሥራ አራት! ሰው እኮ ይሰማል" አለች። "ጤፉ በረንዳ ላይ፣ በርበሬው አልጋ ሥር፣ ሽሮው ቴሌቪዥኑ ጀርባ። አይጡ ራሱ ጓዳውን ትቶ ሄደ፣ የሚበላ የለማ! መጽሐፍህን አልወሰድኩም። ጓዳዬን ነው ያስመለስኩት።"

"የኩየራው ከውስጡ ነበር?"

"የትኛው እንደሆነ ምን አውቄ? ሁሉም የሚያወራው ስለ ሽንኩርት ነው።"

ነበር። ቦታውን አይቻለሁ፣ አሁን የለም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የኤንትሬ ጭነት መኪና ረዳት። ከኩየራ ያሳፈርናት ሴትዮ ጋቢና ውስጥ ረስታው ወረደች። በስቴንስል የተባዛ የወጥ መጽሐፍ፣ አርባ ቅጠል፣ በሁለት ሽቦ የተያያዘ። ፊደል አላውቅም ነበር። በመኪናው ላይ ከታርጋው በቀር ሌላ የተጻፈ ነገር የለም። ከሻሸመኔ ናዝሬት፣ ከናዝሬት ሻሸመኔ፣ ሾፌሩን እየጠየቅሁ ዓመት ፈጀብኝ። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል "ጨው" ነው። የመጀመሪያው ቅጠል ጥግ ላይ ስሜን ጻፍኩ፦ ጀቤሳ። ሌላው ሰው ትምህርት ቤቴ ሲል እኔ የማስበው እሱን ነው።

ከዛሬ ጀምሮ እጇ የነካውን አልበላም። ቃሌ ነው።

የካቲት 8፣ እሑድ

ልዋጩን አገኘሁት። ጠሃ ይባላል። ወረቀት ስትሰበስብ የት ታደርሰዋለህ አልኩት። እንዲያው ለማወቅ ያህል...

"አባባ፣ ወረቀት ወረቀት ነው። ለቆሎ፣ ለሳምቡሳ መጠቅለያ ይሄዳል። የትናንቱ እስካሁን ተበትኗል።"

የት የት እንደሆነ አልጠየቅኩትም። የገዛ ንብረቴን መንገድ ለመንገድ ልለምን? አላደርገውም።

ዛሬ ቅበላ ነው። ነገ ጾም ይገባል። አረጋሽ ዶሮ ሠርታለች። ሽታው አልጋዬ ድረስ መጣ። ሙዝ በላሁ።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

አንነጋገርም። ሳፋው ውስጥ አንሶላ ዘፍዝፋለች። ጥሩ ሳፋ ነው። ይሄ ደግሞ የበለጠ ያናድዳል።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ረመዳንም ገባ። ሙዝ አንገፈገፈኝ። ከመስጊዱ ማዶ፣ ከቤታችን ሁለት መቶ እርምጃ ላይ፣ ፋዲላ የምትባል ሴት ሳምቡሳ ትጠብሳለች። የምትጀምረው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። አራት የምስር ገዛሁ። መጀመሪያ በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ፣ ከላዩ ደግሞ ሌላ ወረቀት ጨመረች። ለአራት ሳምቡሳ ሁለት ወረቀት! ንግድ አታውቅም።

ቤት ገብቼ ፈታሁት። የላይኛው ወረቀት... ገጽ አርባ አንድ። የድንች ወጥ። ከጎኑ የኔ የእርሳስ መስመር።

የኩየራው!

ወረቀቱን ሳምኩት። ከረሃብ ነው።

ስለ ሳምቡሳው ግን እውነቱ ይነገር። ጨዉ ልክ ነው። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ይሄንን ጨው ስፈልግ ነው የኖርኩት።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ለአንድ ጥቅል አንድ ቅጠል ነው። አራት ሳምቡሳ ቢገዛም አንድ፣ አንድ ቢገዛም አንድ። ስለዚህ አንድ አንድ እየገዛሁ ሦስት ጊዜ ተሰለፍኩ። ከኋላዬ ያለችው ሴት አላስቻላትም።

"አባባ፣ ሦስተኛ ዙርዎ እኮ ነው! ማፍጠሪያ ደረሰብን።"

"ቤቴ ሰው ይበዛል" አልኳት።

ሁለት ነን። እሱም የማንነጋገር።

መጽሐፉን ስጪኝ ብላትስ? እንዴት ከእጅዎ ወጣ ትለኛለች። ሚስቴ በሳፋ ለወጠችው ልል ነው? በዚያ ሁሉ ሰልፈኛ ፊት? በማግስቱ ከተማው ሙሉ ይስቃል። በብልሃት ነው የማስመልሰው። እሷ የምትጠቀልልበትን የት ታውቃለች...

ጨዉን ግን ጠየቅኳት። "ጾመኛ ነሽ። ሳትቀምሺ እንዴት ልኩን አወቅሽ?"

"የሚቀምስልኝ ሰው አለ፣ አባባ" ብላ ሳቀች።

ማን እንደሆነ አላውቅም። ምላሱ ይባረክ። አንዳንድ ሰው እሱ ዘንድ ሄዶ ቢማር ጥሩ ነበር። ስም አልጠራም።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

አሥራ አራት ቅጠል ደረሰ። ጠርዝ ጠርዛቸውን ዘይት ነክቷቸዋል። በረንዳው ላይ በልብስ ገመድ ሰቅያቸዋለሁ።

አረጋሽ አየቻቸው። ስኳር ስላለባት ነፍስ አባታችን ጠዋት እንድትበላ ፈቅደውላታል። ቁርሷን በላች፣ መድኃኒቷን ወሰደች፣ ቆማ አየቻቸው።

"ነፋስ ሊወስድብህ ነው" አለች።

ጀርባዬን ሰጠኋት። እንደ ሰሞኑ ሁሉ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። የት እንደምትሄድ አልጠየቅኩም። ከሰዓት በኋላ ሳይ በየቅጠሉ ላይ ሁለት ሁለት መቆንጠጫ ተደርጓል። እኔ ያደረግሁት አንድ አንድ ነበር።

የካቲት 22፣ እሑድ

ከጉደታ ጋር የቀሩትን አየን። አንድ መቶ ሰማንያ ሦስት።

"አካም ጃርሳ፣ አንተ ሽማግሌ! ይሄ የምን ቋንቋ ነው?"

"ጣሊያንኛ።"

"ታነባለህ?"

"ሥዕሉን።"

"ይሄስ?"

"የማይክሮዌቭ ነው።"

"ማይክሮዌቭ አለህ?"

"የለኝም።"

በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ። ይሳቅ። እሱ ባለፈው ዓመት ለማይነዳው መኪና ጎማ ገዝቷል።

አንዷ የአዲስ አበባ ደራሲ አለች፤ ስለ ራሷ ሃያ ገጽ ካወራች በኋላ ነው ሽንኩርት የምትከትፈው። ሽፋኑ ስለተቀየረ ብቻ ሦስት ጊዜ የገዛሁት አለ። ሌላው አሥራ ሁለት ዓይነት የባሕር ዓሣ ያስተምራል፣ እኛ የምናውቀው የዝዋይ ሐይቅን ቆሮሶ ብቻ ነው። ሻሸመኔ ከራስታዎቹ የገዛሁት ደግሞ ጨው የሚባል ነገር ውስጡ አይገባም።

"ታዲያ ምን ያደርግልሃል?" አለ ጉደታ።

ምን ልበለው? አዲሱን ስከፍት የማላውቀው ሰው ቤት ምሳ የተጠራሁ ይመስለኛል። እጄን ታጥቤ የምቀርብ... ይሄን ለጉደታ አይነግሩትም።

"አንተ ምን አገባህ" አልኩት።

የካቲት 27፣ ዓርብ

ሠላሳ አንድ ቅጠል አለኝ። ዛሬ አረጋሽ ስትወጣ ራሴ ልሠራ ተነሣሁ። ምስር ወጥ፣ ገጽ አሥራ ሁለት። ያን ሁሉ መጽሐፍ ይዤ ክብሪቱ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር። ሩብ ሰዓት ፈለግሁት።

"ሽንኩርቱ ቀላ እስኪል አቁላላ" ይላል። መነጽሬን አድርጌ "ቀላ" የሚለውን ደግሜ ሳነብ ጠቆረ። ቀጥሎ "ጨው እንደ አስፈላጊነቱ"። ይሄ መለኪያ ነው? ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ እንደ አስፈላጊነቱ ይላል? የማያውቅ ሰው የጻፈው ነው። ጭልፋ ሙሉ ጨመርኩ።

የጉደታ ውሻ አሸተተው። ተመለከተኝ። ሄደ።

አረጋሽ ስትመለስ ድስቱን አየች። ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ድስቱን አረንጓዴው ሳፋ ውስጥ ነክራ ስትፈገፍገው አመሸች። አርባ ሦስት ዓመት ከጀርባዋ ቆሜ "መጽሐፉ አምስት ደቂቃ ነው የሚለው" ስላት ኖሬአለሁ። ዛሬ እሷ ከጀርባዬ አለመቆሟ... እንጃ።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ልቤን ያቃጥለኛል። የጤና ጣቢያው ሰውዬ ዘይት ያቁሙ አለ። እሱ መጽሐፍ ጠፍቶት አያውቅም።

ሠላሳ ዘጠኝ ቅጠል። የቀረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ስሜ ያለበት።

መጋቢት 6፣ እሑድ

ሦስት ቀን ሙሉ በሒሳብ ፈተና ወረቀት ነው የምትጠቀልልልኝ። ተማሪው ከሃያ አራት አምጥቷል። እኔ ምን አደርግለታለሁ! ኢድ ደርሷል። ከኢድ በኋላ ምድጃውን ታነሳለች። ያኔስ? ያለ መጀመሪያው ቅጠል ሠላሳ ዘጠኙ ያው መጠቅለያ ነው።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ጠየቅኩ።

ሰልፉ እስኪያልቅ ዳር ቆምኩ። ለማንም እንዲህ ቆሜ አላውቅም።

"ልጄ... የመጀመሪያው ቅጠል አለሽ?"

የቱ ቅጠል አላለችም። ማውጫዋን አስቀመጠች።

"ውይ አባባ! ዛሬ ገና ጠየቁ? በመጀመሪያው ቀን ቢጠይቁኝ እኮ ሙሉውን እሰጥዎ ነበር።"

"ሙሉውን?"

"ጠሃ ባመጣው ማግስት እማማ አረጋሽ ፈልገው መጡ። ውሰዱት አልኳቸው። 'የለም' አሉ። 'የሠራሁትን አልበላም ብሏል። ሙዙ ሲሰለቸው መቼም ሩቅ አይሄድ፣ አንቺው ጋ ይመጣል። ከምግብ ጋር አንድ አንድ ቅጠል ስጪው፣ ጾሙን በባዶ ሆዱ እንዳይጨርሰው። ከሥር ጋዜጣ አድርጊበት፣ ዘይት እንዳያበላሽበት።'"

ድስቱ ውስጥ የቀረውን ምስር አየሁ። ከዚያ ነገሩ ገባኝ።

"ጨዉስ?"

"እሳቸው ናቸዋ! እኔ ጾመኛ፣ በየት በኩል እቀምሳለሁ? ስኳር አለብኝ፣ ተፈቅዶልኛል፣ እኔ እቀምስልሻለሁ አሉኝ። ኋላማ ምስሩን ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። በየቀኑ ጓሮ ናቸው። እርስዎ ሲያወድሱት እኮ ይሰማሉ።"

ይሰማሉ! ምን ምን ብዬ ነበር?... ሁሉንም።

"የመጀመሪያው ቅጠልስ?"

"እሱን ይዘውት ሄዱ።"

አንድ ወር ሙሉ የእጇን ስበላ ከርሜአለሁ። ቃሌን ግን አላፈረስኩም። ሳያውቁ የበሉት አይቆጠርም።

ቤት ስገባ ቅጠሉ ገመዱ ላይ ተሰቅሏል። በሁለት መቆንጠጫ። አንድ ጠብታ ዘይት አልነካውም። ጥጉ ላይ ጀቤሳ ይላል፣ ወደ ጎን ተንጋዶ። አረጋሽ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ቀና አላለችም።

"ነፋስ አለ፣ አስገባው" አለች።

"እሺ" አልኩ። ለእሷ በወሩ የመጀመሪያው ቃሌ ነው።

መጋቢት 13፣ እሑድ

ጓዳውን አጸዳሁ። መጽሐፎቹን ወደ መኝታ ቤት አዛወርኩ። ጤፉ ገባ፣ በርበሬው ገባ፣ ሽሮው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወጣ። መኝታ ቤቱ አልበቃም። ጠሃ በበሩ ሲያልፍ ራሴ ጠራሁት። ማይክሮዌቩን፣ ሽፋናቸው ብቻ ከሚለያየው ሦስቱ ሁለቱን፣ የባሕር ዓሣውን ሰጠሁት። ጣሊያንኛውን ከእጁ መልሼ ወሰድኩ። ቀይ ሳፋ ሰጠኝ። አረጋሽ ቀዩን አልወደደችውም። አረንጓዴው ይሻላል አለች። እሱስ ይሻላል።

አርባውን ቅጠል በሁለት ሽቦ አሰርኩት። ሳምቡሳ ሳምቡሳ ይሸታል።

ምሳ አንድ ላይ ቀረብን። ምስር ወጥ። ከጀርባዋ አልቆምኩም፣ አላነበብኩም፣ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አንድ ጎረስኩ። እያየችኝ ነው።

"ጨዉስ?"

ሁለተኛ ጎረስኩ።

"እንደ አስፈላጊነቱ" አልኩ።

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ከሰዓት በኋላ ጉደታ መጣ። አንድ ማዕድ ላይ ያገኘናል ብሎ አልጠበቀም። ቀዩን ሳፋ አየ፣ አረንጓዴውን አየ፣ እኔን አየ።

"ጃርሳ፣ እንዴት ታረቃችሁ?"

"ማን ተጣላ?"

ስለዚያ ሳፋ ለጉደታም፣ ለፋዲላም፣ ለአረጋሽም፣ ለዚህ ደብተርም ከዛሬ በኋላ አንድ ቃል አልተነፍስም። ብጠየቅም፣ ብለመንም።