ኩኪ ስንት ዓመቷ ነው?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7፣ 2014። ጠዋት፣ ባቡር ላይ

ኩኪ ዛሬም ምንጣፉ ላይ አስታወከች። ጠርጌ ወጣሁ። ባቡሩ አላመለጠኝም፣ አልሐምዱሊላህ። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ድረስ መቀመጫ አግኝቻለሁ።

ባለፈው ወር ለድመቲቱ ጥርስ የከፈልኩት እስካሁን ያቃጥለኛል። የራሴን ጥርስ በቅርንፉድ ይዤ ስንት ዓመቴ። ከሐኪሙ ስወጣ ዴስክ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀት ሰጠችኝ። የድመት ኢንሹራንስ። በየወሩ ትከፍያለሽ፣ ስትታመም እነሱ ይከፍላሉ ነው ነገሩ። ለልጄ ለፈቲያ ነገርኳት። ግቢበት እማ አለች። ለአፍ ቀላል ነው። ድመቷ የሷ ናት እኮ። ስታገባ፣ ባሌን ፀጉሯ ያስነጥሰዋል፣ ለሁለት ሳምንት ያዢልኝ ብላ ጥላብኝ ሄደች። ይኸው ሦስተኛ ዓመት። ቤቷ ከምሠራበት ሆቴል አሥር ደቂቃ ነው፤ አንድ ቀን ብቅ ብላ አታውቅም።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 9። ከሥራ መልስ

ፈቲያ በስልክ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ። ፎርም እየሞላን ነው። ስም። ቀለም። ዕድሜ ላይ ቆምን። ኩኪ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት ድመት የሚጠይቁት ለአምስት ዓመቷ ከሚጠይቁት እጥፍ በላይ። ፈቲያ ሳቀች። አምስት በያት እማ፣ ሁ ኬርስ፣ ማን ያጣራል፣ ድመት ፓስፖርት የላትም።

እኔ አልሳቅኩም። ራሴን አመመኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

አንተ ደብተር፣ ካንተ ምን እደብቃለሁ። ካርቱም ሳለን የአሜሪካ ፎርሜን የሞሉልኝ ወንድም ጋሼ ሰይድ ናቸው። ስድስት ዓመት ቀነሱልኝ። አሜሪካ የሚወደው ወጣት ነው አሉ። እጃቸውን ስሜ አመሰገንኩ። በወረቀት ሃምሳ ሰባት ነኝ። ልደቴም ጃንዋሪ 1፣ እንደ ሕንጻችን ስደተኛ ሁሉ። ፈቲያም የምታውቀው ይኼንኑ ነው። የደሴዋ እኩያዬ ዘይነባ ዘንድሮ ጡረታ ወጥታ ጠዋት ጠዋት ሞል ውስጥ ትንሸራሸራለች። እኔ ላውንደሪ ውስጥ እርጥብ አንሶላ አነሳለሁ። ጉልበቴ ወረቀት አያነብም።

እሑድ፣ ኦክቶ. 12

ወንድም ጋሼ ከጀርመንታውን መጡ። ነገሩን አጫወትኳቸው። እድር አለን አይደል፣ እሷንም አስገቢያት ብለው ተሳለቁብኝ። ቆይተው መነጽራቸውን አደረጉና ፎርሙን አዩ። እስከ አምስት አትውረጂ፣ ይነቃብሻል፤ ሰባት ይበቃል አሉ። ዛሬም እጃቸው መቀነስ አልረሳም።

የኔን ያስታውሱታል ወይ አልኳቸው። በደግ ነው ያደረግኩት፣ ወጣትነት ሰጠሁሽ አሉ። ወጣትነት። የስድስት ዓመት የአንሶላ ሸክም ነው የሰጡኝ። አላልኳቸውም፣ ታላቅ ናቸው። ሻይ ጨመርኩላቸው።

ሐኪሙ ዘንድ ያለው የኩኪ ካርድ አሥራ አንድ ይላል። የባሰባት ቀን ካርዱን ያወጣሉ፣ አንከፍልም ይላሉ። የሚዋሸው ሌላ፣ የሚታመመው ሌላ። ከስታለች። ስነካት አጥንቷ ይቆጠራል።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 16። የምሳ ብሬክ

ፎርሙን በስልኬ ከፈትኩ። አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ዋጋው መጣ። ሥሩ ደግሞ በደቃቅ ፊደል፣ ቀድሞ የነበረ ሕመም አይሸፈንም ይላል። ጥርሱም ትውከቱም ቀድሞ የነበረ ነው። ታዲያ ምኗን ሊያክሙልኝ ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ተውኩት። አልገባም።

ፈቲያ ኮል አደረገች። አምስት አልሽ ወይ? አሥራ አንድ አልኳት። ዋይ እማ አለች። የሰው ዕድሜ አይነካም፣ የድመትም ቢሆን አልኳት። ከዛሬ ጀምሮ የሐኪሙን ግማሽ ትከፍያለሽ፣ ካልሆነ መጥተሽ ውሰጃት አልኳት። እሺ አለች ቀስ ብላ። ለጃንዋሪ ደግሞ ኬክ እንዳትገዢልኝ አልኳት። ለምን አለች። እሑድ ነይ፣ ፊት ለፊት ነው የምነግርሽ ብዬ ዘጋሁ።

ብሬኬ እያለቀ ነው። እሑድ አፌ እንዳይያዝ እዚህ ልለማመድ። ፈቲያ፣ የተወለድኩት በጃንዋሪ አይደለም። ክረምት ላይ ነው፣ ደሴ፣ በኛ አቆጣጠር በ1943። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው ልጄ። ደክሞኛል።