የክፍሌ ዋጋ

ወንድሜ፣

መኪናው እየጠበቀኝ ስለሆነ የምጽፍልህ ቆሜ ነው። በመንደራችን እንግዳ የሚያሳድሩ ሰዎች ስብሰባ ጠርተዋል፤ በአንተ ጥፋት እኔ ልወቀስ እየሄድኩ ነው።

ክፍል የምናከራይ ሁሉ በአንድ ዋጋ ተስማምተን ነበር። አንተ ግን እንግዳ ዋጋ በጠየቀህ ቁጥር ይሉኝታ ይይዝህና አንገትህን ደፍተህ «እንደፈለጋችሁ፣ ቤታችሁ እኮ ነው» ትላለህ። እነሱም እውነት ቤታቸው መስሏቸው የግማሹን ግማሽ ሰጥተው ይሄዳሉ። የልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ክፍል ባዶውን ከርሟል። ትናንት በር ላይ ያዘችኝና «ወንድምሽ ደግ የሚሆነው በእኔ ኪሳራ ነው እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ባለፈው በእንግዶቹ ፊት የጮኽኩብህ...
እሱን ተወው። ሰው ፊት መሆን አልነበረበትም።

ድንች ቀቅያለሁ፣ አሙቀህ ብላ። ቧንቧውን ጠበቅ አድርገህ ዝጋ፣ ያንጠባጥባል።

ደግሞ እንዲህ የምታረክሰው ክፍል የእኔ ነው! እንግዳ በመጣ ቁጥር አልጋዬን ለቅቄ ዕቃ ቤት ከሽንኩርት ጆንያ ጋር የማድረው እኔ ነኝ። አንተ እዚያ ማዶ ታንኮራፋለህ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት እንግዶች ይመጣሉ። ዋጋውን በስልክ ነግሬያቸው ያለ አንዳች ክርክር ተስማምተዋል፤ አንተ አፍህን እንዳትከፍት። የሚያድሩት አንተ ክፍል ነው፣ አንሶላውን ቀይሬዋለሁ። እኔ ማታ ስመለስ በገዛ አልጋዬ እተኛለሁ።

ትራስህን ከሽንኩርቱ አጠገብ ታገኘዋለህ። አንድ ክፍል ስንት እንደሚያወጣ ጠዋት ስትነሳ ንገረኝ።

እህትህ