የዳማው ላብ

ታኅሣሥ 4
እየጋለብኩ ከወረወርኩት አሥራ አንድ ፍላጻ በአራቱ ዒላማውን መታሁ። ሁለቱ በረዶ ውስጥ ገብተው ቀሩ። ዳማው ፈረስ ግን… ልጓሙን ብለቅለትም መስመሩን አይስትም። ወንድሜ ጋልሳን ለሥራ ኮሪያ ሲሄድ፣ "እስክመለስ አደራሽን፣ እኔን ነው ብለሽ ያዢው" ብሎኛል። በፀደይ በኡላንባታሩ ውድድር ላይ በእሱ ፈረስ አሸንፌ ባስደነቅኩት!

አባዬ ከበጎቹ መሀል ጮኸ።
"አንቺ ልጅ! በዚህ ብርድ ፈረስ እንዲህ አይጋለብም፣ ስቡን ትጨርሺበታለሽ!"
"ትንሽ ነው አባዬ።"
"እሺ፣ ካላበው ግን ጀርባው እስኪደርቅ እሰሪው። ሳር እንዳይግጥ፣ በረዶ እንዳይልስ። ላቡ ሳይደርቅ የተለቀቀ ፈረስ ከስቶ ብርዱን አይወጣም።"
እሺ አልኩ። እሺ ማለት መች ይከብደኛል።

ታኅሣሥ 19
ከአሥራ አንድ ዘጠኝ! ጣቶቼ ደንዝዘው ጓንቴን እንኳ ማውለቅ አቃተኝ። ዳማው ላብ በላብ ሆኗል። ማሰር ነበረብኝ… ለቀቅኩት። ዛሬ ብቻ። ትናንትም "ዛሬ ብቻ" ብዬ ነበር።

ጥር 2
በረዶው ቀልጦ መልሶ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ሳሩ ከሥሩ ይታያል፣ ከብቱ ሰብሮ አይደርስበትም። የዳማው የጎድን አጥንት ከሩቅ ይቆጠራል። የአባዬ ፈረሶች እንዲህ አልከሱም። ለምን እሱ ብቻ? ለምን እንደሆነማ አውቃለሁ።

ጋልሳን ደወለ። "ዳማዬስ?"
"ወፍሯል" አልኩት። ምን ነክቶኝ ነው?

ጥር 6
ዱቄት በሙቅ ውሃ በጥብጬ አቀረብኩለት። አሸተተና ፊቱን አዞረ። ኧረ ብላልኝ…

ጥር 9
ሞተ።

ጥር 11
አባዬ እንደ ወጋችን ለመታሰቢያ ከጋማው ቆርጦ በሰማያዊ ጨርቅ ጠቀለለ። ከዚያ ለጋልሳን ደወለለት።
"ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ላቡ ሳይደርቅ ለቀቅኩት። እርጅና…"
አባዬ ያውቅ ኖሯል! ጋልሳን በአባዬ ላይ ጮኸ። ጮኾበት አያውቅም። እኔ አባዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሰማያዊውን ጨርቅ አፍጥጬ አየሁ።
"ለምን እንዲህ አልክ?" አልኩት በኋላ።
"እኔ ነገ ሟች ነኝ። አንቺ ገና ብዙ ዓመት ወንድም ያስፈልግሻል።"

የካቲት 3
በጨረቃ አቆጣጠር አዲስ ዓመታችን ዛሬ ገባ። ጋልሳን ለአባዬ እንኳን አደረሰህ ሊል አልደወለም። አባዬ አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዋለ። አላስቻለኝም፣ ደወልኩ።
"ጋልሳንዬ፣ አባዬ ዋሽቶህ ነው። የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ወፍሯል ያልኩህም እኔ።"
ይዘጋብኛል ብዬ ነበር…
"አባዬን አገናኚኝ" አለ።
ሰጠሁት። አባዬ "አለሁ ልጄ፣ አለሁ" እያለ አለቀሰ። ብዙ አወሩ። ጋልሳን ግን መልሰህ እሷን አገናኘኝ አላለም።